መለኪያውን አይቼ ዝም ያልኩበት በረራ

አውሮፕላን ወደቀ ሲባል ሰው ሁሉ ትልቁን፣ ብዙ መቶ ሰው የሚጭነውን ያስባል። እኔ የወደቅኩባት ግን አራት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቁመቷ ከሚኒባስ ብዙም የማይበልጥ ነጭ አውሮፕላን ነበረች። ታሪኩን የሰሙ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ፈርቼ እንደሆነ ነው። አዎ፣ ፈርቻለሁ። እስከ ዛሬ ከአልጋዬ እያስነሳ ክፍሌ ውስጥ የሚያንጎራድደኝ ግን ያ ፍርሃት አይደለም። ከመሬት ሳንነሳ ያየሁት ነገር ነው።

ስሜ ሐዋ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ያኔ ኩዌት ከገባሁ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር። ሙባረክ አል-ከቢር በሚባለው ሰፈር አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ውስጥ የምሠራ ሲሆን ሥራዬ የማዳምን አማት መንከባከብ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ማማ ከቢራ ይላቸዋል፤ ትልቋ እናት ማለት ነው። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያይም። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደግሞ ያለ ደጋፊ አይራመዱም። አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ለሶላት ወደ ቂብላ አዙሬ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን እነግራቸዋለሁ። ዓይኔ አንቺ ነሽ ይሉኝ ነበር።

አራት ዓመት እዚያ ቤት የቆየሁት በአንድ ዘዴ ነው። የተጠየቅኩትን ብቻ እመልሳለሁ። ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ወር ነው። የማማ መድኃኒት ጊዜው እንዳለፈበት አየሁና ለማዳም ነገርኳት። ማዳም እንግዶቿ ፊት ነበረች። "ማን ጠየቀሽ?" አለችኝ። በማግስቱ መድኃኒቱን ስትለውጠው አይቻለሁ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያልተጠየቅኩትን አልተናገርኩም። ወጥ ሲያር አነሳለሁ እንጂ አረረ አልልም። ልጆቹ ሲዋሹ እሰማለሁ፣ አልፋለሁ። እንዲህ ስኖር ጠብ አልነበረኝም። እንደ ጥሩ ጠባይ ይቆጠርልኝ ስለነበር እኔም ጥሩ ጠባይ መሰለኝ።

የማማ ከቢራ ትንሹ ልጅ ፈይሰል ይባላል። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል፤ በየሳምንቱ ዓርብ እየመጣ የእናቱን ግንባር ይስማል። ሲመጣ ቤቱ ይሞቃል። መብረር ይወዳል፤ ፈቃድ አውጥቶ የራሱን ትንሽ አውሮፕላን ገዝቶ ነበር። ማማ ደግሞ ተወልደው ያደጉት ከከተማው ፊት ለፊት ባሕሩ መሐል ባለችው ፈይላካ ደሴት ላይ ነው። ኢራቅ ኩዌትን በወረረችበት ጦርነት ጊዜ የደሴቷ ሰው በሙሉ እንዲወጣ ተደረገ፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። በጀልባ ለመሄድ ዳሌያቸው አይችልም። እናም ፈይሰል በአየር ላይ አዞርሻለሁ ብሎ ቃል ገባላቸው። የማያይ ሰው ምን ሊያይ ነው ብላ ማዳም ተቃወመች። ማማ ግን ሐዋ ታይልኛለች አሉ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

በብርዱ ወራት አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተነሳን። በባሕሩ ላይ የተዘረጋውን ረጅም ድልድይ ተሻግረን ሱቢያ ወደሚባለው በረሃ ገባን። በዚያ ወራት ቤተሰብ ሁሉ ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት ቦታ ነው። ከድንኳኖቹ ራቅ ብሎ የተደለደለ የአፈር መንደርደሪያና የቆርቆሮ ጥላ አለ። አውሮፕላኗ እዚያ ቆማለች። መካኒኩ ዕረፍት ላይ ስለነበር ፈይሰል ራሱ ገፍቶ አወጣት። እናቱን እንደ ሙሽራ አቅፎ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ እኔ አጠገባቸው ገባሁ። እሱ ከፊት ገብቶ ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት ጎተተና ወንበሩን ወደፊት አስጠጋ።

የማማን ቀበቶ ለማሰር ጎንበስ ስል ዓይኔ ከፊት ለፊቱ ባሉት መለኪያዎች ላይ ዐረፈ። ወንድሜ አይሱዙ ስለሚነዳ የነዳጅ መለኪያ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሁለት ትንንሽ መለኪያዎች ነበሩ። የአንደኛው ቀስት ታች ተኝቷል። የሁለተኛው ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሏል። ፈይሰል በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። ቀስቱ ተንቀጠቀጠና እዚያው ቦታው ላይ ተመለሰ። ሰዓቱን አየ፤ ፀሐይዋን አየ። ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ፣ ደሴቷ ቅርብ ናት፣ አንድ ዙር ዞረን እንመለሳለን አለ።

አፌ ድረስ የመጣ ቃል ነበር። ግን ማን ጠየቀኝ? እሱ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ እኔ የእናቱ ሠራተኛ ነኝ። ዋጥኩት።

አየር ላይ ስንወጣ ማማ የእጄን አንጓ ጨብጠው ያዙ። የባሕሩን ቀለም ነገርኳቸው፤ ዳር ዳሩን ቡና አይነት፣ ራቅ ሲል አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ። የዓሣ ጀልባዎቹን ነገርኳቸው። ጆሯችን ላይ ባለው ማዳመጫ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። ደሴቷ ጋ ስንደርስ ሳቁ ቆመ።

"ከባሕሩ ዳር ነው፤ ጉድጓድ አለ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ የሲድር ዛፍ አለ። ከዛፉ ጀርባ ያለው ቤታችን ነው" አሉኝ።

ታች የሚታየው ግን ጣሪያ የሌለው ቤት ብቻ ነው። አንዱ ከሌላው አይለይም። ግድግዳዎቹ ፈርሰዋል፤ ዛፍ አለ፣ ግን የቱ ዛፍ? ፈይሰል አንድ ዙር ዞረ። ማማ ጠየቁኝ፤ አላየሁትም አልኩ። ሁለተኛ ዙር ዞረ፤ ዝቅ ብሎ። ዓይኔ እስኪያነባ ድረስ ፈለግኩ። አሁንም አላየሁም። ያን ጊዜ ፈይሰል መመለስ እንዳለብን ተናገረ፤ ድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ የለም።

"ሐዋ፣ አየሽው?" አሉኝ ማማ።

ፈይሰል አንገቱን አዙሮ አየኝ። ያ አስተያየት ምን እንደነበር አሁን አውቀዋለሁ። አየሁት በይ እያለኝ ነበር። እኔ ግን ተጠየቅኩ፤ እውነቱን መለስኩ። "አላየሁም ማማ።"

"አንዴ ብቻ ልጄ" አሉት።

ሦስተኛውን ዙር ዞረ። በእሱ ትከሻ በኩል መለኪያዎቹን አየኋቸው። ሁለቱም ቀስቶች ታች ተኝተዋል። አሁንም አልተናገርኩም። እጄን ከማማ እጅ አስለቅቄ ትከሻውን ብነካው ይበቃ ነበር። ይልቅስ ፍርስራሹን እያየሁ ዛፍ ፈለግኩ። ማማ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቁኝ፤ የለም አልኳቸው። የእጄን አንጓ ለቀቁ። "ኸላስ" አሉ፤ በቃ ማለታቸው ነው። "እንመለስ።"

የደሴቷን ዳር ለቀን ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለ። ፈይሰል አንዱን ማዞሪያ አዞረ፣ ሌላውን ገፋ። ሞተሩ ተነሳ፣ ትንሽ ሄደ፣ እንደገና አሳለ። ከዚያ ቆመ። እስከዚያ ድረስ ሲሽከረከር ጭስ ብቻ ይመስል የነበረው የአውሮፕላኗ መዘውር ፊታችን ላይ እንደ ተራ እንጨት ተገትሮ ታየኝ። የቀረው ድምፅ የነፋስ ብቻ ነው።

"ለምን ዝም አለ?" አሉ ማማ። ልጃቸውን ሳይሆን እኔን ነው የጠየቁት።

"ሞተሩ ቆሟል ማማ" አልኳቸው።

ሸሃዳቸውን፣ የእምነት ምስክርነቱን፣ ማንበብ ጀመሩ። እኔም አብሬያቸው አነበብኩ። ፈይሰል በሬዲዮ ያለንበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ መልስ ይምጣ አይምጣ አልሰማሁም። ከዚያ የተናገረው ቀበቷቸውን አጥብቂ የሚል ብቻ ነው። ባሕሩ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። ከፊታችን የሱቢያ ዳርቻ ይታያል፤ ግን ዳርቻው ደረቅ መሬት አልነበረም። ባሕሩ ሸሽቶ የተወው፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጭቃ ነበር። ጭንቅላታቸውን ደረቴ ላይ አስገብቼ በሁለት እጄ ያዝኳቸው።

መጀመሪያ እንደ ጥፊ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉም ነገር ወደፊት ተወረወረ። ዓይኔን ስገልጥ የአውሮፕላኗ አፍንጫ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ፣ ጭራዋ ወደ ሰማይ ተነስቶ፣ እኛ በቀበቶ ተንጠልጥለናል። ጭቃና የነዳጅ ሽታ አፌን ሞልቶታል። ትከሻዬ ላይ የሚያቃጥል ነገር ነበር። ማማ በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን ይዘው ስሙን ይጠሩ ነበር። "ፈይሰል። ፈይሰል።"

"አለሁ" አለ። ግንባሩ ይደማል። ፊት ለፊቱ ያለው የመለኪያ ሰሌዳ ወደ ኋላ ተገፍቶ እግሩን ወንበሩ ላይ ቀርቅሮታል። ሊያላቅቀው ሞከረ፤ ጩኸቱን ጥርሱ ላይ ያዘው። ስልኩ ከፊት ጭቃ ውስጥ ገብቷል። የኔ ስልክ ማዳም ዘንድ ነው፤ በሥራ ሰዓት አይሰጠኝም ነበር።

በበሩ ወጥቼ ስረግጥ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። ዙሪያውን አየሁ፤ ሰው የለም። ከዚያ እግሬ ሥር ቀዝቃዛ ነገር ተሰማኝ። ውኃ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ከባሕሩ በኩል ወደ ዳር ይሄዳል። ባሕሩ እየተመለሰ ነበር።

ፈይሰልም አይቶታል። "እናቴን አውጪ" አለኝ። ማማ ልጄን ትቼ አልሄድም አሉ። እሱ ለመናቸው፤ እሳቸው እንቢ አሉ። እኔ ሁለቱንም እያየሁ ቆሜ ትእዛዝ እጠብቃለሁ። አንድ ሰው ምን ላድርግ ብዬ ሳልጠይቀው እንዲነግረኝ እጠብቃለሁ። ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተበጠሰብኝ። ማማን ሳላስፈቅድ አባያቸውን ገፈፍኩና በወገቤ ዙሪያ አድርጌ፣ እንደ ሕፃን ጀርባዬ ላይ አዘልኳቸው። በአማርኛ ነበር የማወራው፤ ምን እንደምል አላውቅም። እሳቸው ጀርባዬን በጡጫ ይመቱኛል።

እስከ ደረቁ አሸዋ እንደ ሦስት መቶ እርምጃ ይሆናል። በደረቅ መሬት ምንም አይደለም። እዚያ ግን አንድ እግሬን ሳወጣ ሌላው ይሰምጣል። ሁለቴ በጉልበቴ ወደቅኩ፤ በአራት እግሬ ሄድኩ። መሐል ላይ መምታታቸውን ትተው በጆሮዬ፣ ትንሽ ቀረን ወይ ብለው ጠየቁኝ። ብዙ ቀርቶን ነበር። ትንሽ ነው አልኳቸው። በዚያ ቀን የተናገርኩት የመጀመሪያው ውሸት ነው። አሸዋው ላይ አስቀምጬ በጃኬቴ ሸፈንኳቸውና ዞሬ ሮጥኩ። ጭቃ ላይ ሩጫ የለም፤ ልቤ ነው የሮጠው።

ስመለስ ውኃው የፈይሰል ወገብ ላይ ደርሷል። ፊቱ ነጭ ሆኗል። ተመልሰሽ እናቴ ጋ ሁኚ አለኝ። ሲገባ የጎተተው ብረት ትዝ ብሎኝ ነበር። እግሩ ተቀርቅሮ ሲታመም እሱ ረስቶታል፣ ወይም አልደረሰበትም። ጎንበስ ብዬ እጄን በውኃውና በጭቃው ውስጥ ከወንበሩ ሥር ሰደድኩ። ሽቦ ነካሁ፣ ጫማው ነካኝ፣ ብረቱን አጣሁት። ጨዋማው ውኃ አገጬ ላይ ደረሰ። አየር ስቤ ጭንቅላቴን ከተትኩ። አገኘሁት። ሳብኩት፤ እንቢ አለ። ወጥቼ ተነፈስኩ፤ "በደህናው እግርህ ወንበሩን ወደ ኋላ ግፋ" ብዬ ጮህኩበት። በዚያ ቤት ውስጥ ማንንም አዝዤ አላውቅም። እንደገና ገባሁና ሳብኩ፤ እሱ ገፋ። ወንበሩ አንድ ስንዝር ያህል ሸርተት አለ። በብብቱ ይዤ ጎተትኩት። ያን ጊዜ ያሰማውን ጩኸት አልነግራችሁም።

ግማሹን ያህል እንደጎተትኩት ከዳር በኩል አንድ ሰው ገመድ ይዞ ጭቃውን እየቀዘፈ መጣ። ሱዳናዊ ግመል ጠባቂ ነበር፤ አውሮፕላኗ ያለ ድምፅ ስትወርድ አይቶ ነው የመጣው። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም፤ ይህም ይቆጨኛል። ገመዱን በፈይሰል ብብት አሰርንና ሁለታችን ጎተትን። አሸዋው ላይ ስንደርስ ማማ በእጃቸው የልጃቸውን ፊት፣ ከዚያ የኔን ፊት ዳሰሱ። ዞሬ ሳይ ከአውሮፕላኗ የሚታየው ጭራዋና የክንፏ ጫፍ ብቻ ነበር። የጠረፍ ጠባቂዎች ሄሊኮፕተር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የማማ የእጅ አንጓ፣ የፈይሰል እግር፣ የኔ የትከሻ አጥንት ተሰብሮ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ማዳም ሆስፒታል መጣች። አልተቆጣችኝም፤ ፀጉሬን አስተካከለችልኝ፤ እንዲያውም ያ ነው ያስፈራኝ። መርማሪዎች እንደሚመጡ ነገረችኝ። ስለ ነዳጅ የማውቀው ነገር እንደሌለ፣ ሞተሩ ድንገት እንደተበላሸ እንድናገር ፈለገች። የፈይሰል ፈቃድ ይወሰዳል፤ የቤተሰቡ ስም በየስልኩ ይዞራል አለች። ከዚያም ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ የሚያልቅበት ወር መቅረቡን እንደዋዛ አነሳችና ሄደች።

አንድ መርማሪ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ጨዋ ሰው ነው። ስንት ሰዓት እንደተነሳን፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ሞተሩ ከመቆሙ በፊት እንግዳ ድምፅ አሰምቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁሉንም መለስኩ። ስለ ነዳጅ ግን አልጠየቀኝም። ምናልባት የቤት ሠራተኛ ምን ታውቃለች ብሎ ይሆናል። ደብተሩን ዘግቶ ተነሳ። መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። በዝምታ ደግሞ ማን ይበልጠኛል? በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

"ያልጠየቅከኝ አንድ ነገር አለ" አልኩት።

ተመልሶ ተቀመጠ። መለኪያውን፣ ጥፍሩን፣ ሦስቱን ዙር ሁሉንም ነገርኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈይሰል በምርኩዝ ወደ ቤት መጣ። እስከዚያ ድረስ ማዳም አታናግረኝም፤ ማማ ግን ከእኔ እጅ በቀር አይበሉም ነበር። ቀን ቀን እሠራለሁ፣ ሌላውን ሰዓት ልብሴን ሻንጣ ውስጥ አስገባለሁ፣ መልሼ አወጣለሁ። ፈይሰል ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሱም ለመርማሪዎቹ ሁሉንም እንደተናገረ ነገረኝ። ፈቃዱ ተወስዶበታል።

"መለኪያውን ስመታው አይተሽኝ ነበር?" አለኝ።

"አይቻለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅከኝማ።"

ምርኩዙን እያየ ራሱን ነቀነቀ። "ብትነግሪኝም የምሰማሽ አይመስለኝም" አለ። ሊያጽናናኝ ነበር መሰል። እኔን ግን ያ አላጽናናኝም፤ አሁንም አያጽናናኝም። አለመስማት የእሱ ድርሻ ነው። አለመናገር ግን የኔ ነበር።

በዚያው ሳምንት በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ዕረፍት እፈልጋለሁ፣ እናቴን ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። ማዳም አማቴን ማን ይይዛል አለች። ማማ ከወንበራቸው ሆነው፣ "እናት አላት አይደል? ትሂድ" አሉ። ሁለት ወር ተሰጠኝ። ኢቃማዬም ታደሰ፤ እስከ ዛሬ የምሠራው እዚያው ቤት ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በሰው ቤት ያላችሁም በገዛ ቤታችሁ ያላችሁም፣ ደፋር ሁኑ ብዬ ልመክራችሁ አልችልም። እኔ ደፋር አይደለሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም አገኘሁም አልላችሁም፤ እንዲያውም ዕረፍት አጣሁ። ድሮ አይቼ የማልፈውን አሁን ሳየው ሰውነቴ ይቆጣል፤ ካልተናገርኩ አልቀመጥም። ተናግሬ የተሰደብኩበት ጊዜ ይበዛል።

ለዕረፍት አገሬ የገባሁ ጊዜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጠፋ። የነፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሰው ሁሉ ወሬውን ቀጠለ፤ የለመደው ነገር ነው። ማንም አልጠየቀኝም።

"ሹፌር፣ ሞተሩን አስነሳው" አልኩ።

ነዳጅ ስንት ቀን ተሰልፎ እንደሚገኝ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከኋላ አንዱ፣ አለባበሴን አይቶ መሰለኝ፣ ዐረብ አገር የከረመች ሁሉ ትቀብጣለች አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

"ወይ አስነሳው፣ ወይ እዚህ አውርደኝ" አልኩት።

ሁለት መታጠፊያ እንደዚያው ወረድን። ከፊቴ የተቀመጠች፣ ልጅ ያቀፈች ሴት ወደ ኋላ ሳትዞር፣ በዝግታ፣ "እኔንም" አለች።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። አንድ ነገር አጉተመተመና ሞተሩን አስነሳው።